የጎዳና ውሻን ወደ ቤት ማምጣት፦ ለሰሜን ሸዋ ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ሥጋ ቤት አካባቢ ያለፈ ሰው ውሾቹን ያውቃቸዋል። ግድግዳ ተጠግተው፣ አፍንጫቸውን ጅራታቸው ሥር ቀብረው ፀሐይዋን ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ የተወለዱትም እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ሌሎቹ ግን ቤት ነበራቸው። ባለቤቱ ቤት ሲቀይር የቀሩ አሉ። አከራይ "ውሻ አልፈልግም" ብሎ የተጣሉ አሉ። ቡችላ ሳሉ ልጆች ሲጫወቱባቸው ቆይተው፣ ሲያድጉ "አሁንስ በዛ" የተባሉም ብዙ ናቸው።

ይህን የጻፍኩት እንዲህ ዓይነቱን ውሻ ቤቱ ለማኖር ወይም አገግሞ ለሌላ ጥሩ ቤተሰብ እንዲሰጥ ለማድረግ ላሰበ ሰው ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ አገር ውሻ መውደድ ማለት የግድ ሶፋ ላይ ማስተኛት አይደለም። ደረቅ መኝታ፣ በሰዓቱ የሚመጣ ምግብ፣ ጠባዩ የማይለዋወጥ ሰው፤ ውሻው የሚፈልገው እነዚህን ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው በማቀፍና በመሳም ነው፤ ከዚያ በሳምንቱ ይሰለቻል። እናንተ በሰዓት ማክበር ጀምሩ። መተቃቀፉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሰዉን አስማሙ

ውሻው ከመምጣቱ በፊት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "እሺ" ማለት አለበት። አንድ ሰው ብቻ የፈለገው ውሻ፣ ያ ሰው ሥራ በዋለበት ቀን የሚያየው ዱላ ነው።

ብዙ ጊዜ ተቃውሞው የሚመጣው ከእናት ወይም ከአያት ነው። ከክፋት አይደለም። ዕቃ ይነካል፣ ማድ ቤት ይገባል፣ ጸሎት የሚደረግበትን ቦታ ያረክሳል ብለው ነው። መከራከር አያስፈልግም። "እማዬ፣ ቤት አይገባም። ሳህኑም ለብቻው ነው። የሚያጥበውም እኔ ነኝ" ማለት ያዋጣል። "በል እንግዲህ፣ ኋላ እኔ ላይ እንዳትጥለው" ብለው ይስማማሉ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው "ይሄ ውሻ በላ እንዴ?" የሚሉት እሳቸው ይሆናሉ።

በዚሁ አጋጣሚ ሦስት ነገር ቁረጡ። ማን ያበላል? የሕክምናው ገንዘብ ከማን ኪስ ይወጣል? ለበዓል ሁላችሁም አገር ቤት ስትሄዱ ማን ጋ ይቆያል? ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ፊት ለፊት ጠይቁ። "ሲያየው ይለምደዋል" ብሎ ማስገባት ውሻውን ለሁለተኛ ጊዜ ጎዳና ላይ ለመጣል መዘጋጀት ነው።

ደረጃ 2፦ ከመውሰዳችሁ በፊት አጣሩ

ጎዳና ላይ የሚታይ ውሻ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ቀን ቀን ውሻውን የሚለቅ ሰው ሞልቷል። የሰፈሩን ባለሱቅ፣ ዘበኛውን፣ ጥግ ላይ የሚቀመጠውን ሊስትሮ ጠይቁ። የማን እንደነበረ፣ ሰው ነክሶ ያውቅ እንደሆነ፣ በግ ወይም ዶሮ ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ዕድሜውን በጥርሱ መገመት ይቻላል። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን ናቸው። ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፋሉ። 7 ወር ሲሆነው 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ወጥተዋል። ነጭና ንጹሕ ከሆኑ ወጣት ነው፤ የቢጫ ሽፋን ካላቸውና ከተሟጠጡ ዕድሜው ገፍቷል።

ሰው ሁሉ ቡችላ ይፈልጋል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ያደገ ውሻ ይሻላል ባይ ነኝ። ጠባዩ ታውቋል። ቁመቱም ታውቋል። ቡችላ ምን እንደሚወጣው አታውቁም።

አንድ ዓይነት ውሻ ግን በፍጹም አትንኩ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የኋላ እግሩ የሚንገዳገድ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ፣ ወይም ዱሮ ሸሺ የነበረና ድንገት ሰውን መፍራት የተወ ውሻ ካያችሁ ራቁ፤ ልጆችን አርቁ፤ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገሩ። እነዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ እዚህ ላይ ርኅራኄ ቦታ የለውም።

ደረጃ 3፦ ማደሪያውን ቀድማችሁ ሥሩ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ውርጭ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ጎዳና የለመደ ውሻ ብርዱን ይችለዋል ይባላል። የሚችለው ጠግቦና ደርቆ ሲያድር ነው። የከሳና የረጠበ ውሻ አይችለውም።

ቤቱን አታስፍቱት። ቆሞ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ተጠቅልሎ የሚተኛበት መጠን ይበቃል። ሰፊ ከሆነ የገላው ሙቀት አይሞላውም። ወለሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል በድንጋይ ወይም በጣውላ ከፍ አድርጉት። በሩን ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ አዙሩት። መኝታው ጭድ ይሁን፤ በዛ አድርጋችሁ ጨምሩለት፣ እሱ ራሱ ቆፍሮ ያስተካክለዋል። አሮጌ ብርድ ልብስ ያዘነ ሰው ምርጫ ነው። ግን እርጥበት ይይዝና ሌሊቱን በረዶ ይሆናል። ጭዱን ሲረጥብ ቀይሩ። ቁንጫም የሚቀንሰው ያኔ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ያለችው 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጎድል ውሃ እና መዥገር የሚለቅም እጅ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ውሻ ስትወስዱ ደግሞ ጣርማበር ዋሻን እንዳለፋችሁ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ያስመልሰዋል። ከጉዞው በፊት ለጥቂት ሰዓታት አታብሉት፣ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፉ፣ ከሹፌሩም ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከብርዱ በላይ የሚያስፈራው ጅብ ነው። ውጭ በሰንሰለት ታስሮ የሚያድር ውሻ ለጅብ የቀረበ እራት ነው፤ መሸሽም መታገልም አይችልም። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታበት ልማድ ጥሩ የሚሆነው አጥሩ ጠንካራ ሲሆን ብቻ ነው። የቆርቆሮ አጥሩን ሥር ዞራችሁ እዩ። ውሻው የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ በድንጋይ ድፈኑት። አጥራችሁ የማያስተማምን ከሆነ ማደሪያው መዝጊያ ይኑረው፤ ማታ ይቆለፍ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት አምጡት። ሳይመሽ ግቢውን አሽትቶ ይጨርሳል። ሁለት ገመድ ተጠቀሙ። አንዱ አንገቱ ላይ፣ ሌላው በደረቱና ከፊት እግሮቹ ኋላ የሚዞር። የፈራ ውሻ ወደኋላ እየተጎተተ ጭንቅላቱን ከአንገት ማሰሪያ ሲያወጣ ዓይን አይከተለውም።

የዚያን ቀን እንግዳ አትጥሩ። የጎረቤት ልጆችም በነጋታው ይዩት። አታጥቡት። መታጠቡ ይደርሳል፤ በዚህ ብርድ ላይ ፍርሃት አትጨምሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጎዳና ላይ ያደገ ውሻ ፊት ጎንበስ ብትሉ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሽምጥ ነው የሚሮጠው። ድንጋይ ያነሳችሁ መስሎት ነው። ስለዚህ ሳህኑን ፊቱ ጎንበስ ብላችሁ አታስቀምጡ። መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ራቅ በሉ፣ ከዚያ ጥሩት። እጃችሁንም ከላይ ወደ ጭንቅላቱ አትዘርጉ። በርጩማ አውጥታችሁ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ቡና ጠጡ፣ ስልካችሁን ነካኩ። ዓይን ዓይኑን አትዩት። በየመሃሉ ትንሽ የተቀቀለ ሳንባ ወርወር አድርጉለት። ቀረብ ብሎ ካሸተታችሁ እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እንዲያሸት ተዉት፤ ከዚያ አገጩ ሥር ወይም ደረቱን እከኩለት።

ውሻ ከመናከሱ በፊት ብዙ ይናገራል። ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል። ሳይደክመው ያዛጋል። ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ነጭ ያያችኋል። ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ይወሽቃል። ከዚያ ነው ማጉረምረም የሚመጣው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና በቀጥታ መንከስ ይማራል። ሲያጉረመርም ተዉት፤ ወደኋላ በሉ፤ "በቃኝ" ነው ያለው።

የመጀመሪያ ቀን ላይበላ ይችላል። ውሃ ከጠጣ አትጨነቁ። ሌሊት ሊያለቅስ ይችላል። ወጥታችሁ አትጩኹበት፤ እየደጋገማችሁ አታባብሉትም። ቢቻል ማደሪያው የእናንተ ድምፅ በሚሰማበት በኩል ይሁን።

ቤት አልባ ውሾችን የሚያሳድጉ ሰዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር። በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርዳል። በ3 ሳምንት የቤቱን ሰዓት ያውቃል። በ3 ወር "ይሄ ቤቴ ነው" ማለት ይጀምራል። ሕግ አይደለም፤ ግን በአምስተኛው ቀን "ምንም አልለመደንም" ብሎ ተስፋ ለሚቆርጥ ሰው ጥሩ ልጓም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ገመድ ከግቢ አታውጡት። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ነው።

ስም አውጡለት፤ አጭር ይሁን። ቡቺም በሉት መቻል፣ ለሱ ለውጥ የለውም። ብቻ ስሙን ስትቆጡ አትጥሩት። ስሙ ሲጠራ ጥሩ ነገር ይምጣ፤ ለቁጣ "ተው!" ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ከሁሉ በፊት ለእብድ ውሻ በሽታ

በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሂዱ። ክትባቱ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእብድ ውሻ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ ወይም ባለሙያው እንደሚነግራችሁ። የክትባት ካርዱን እንደ መሬት ካርታ አስቀምጡት።

ክትባቱ በዚያው ቀን አይሠራም። የመጀመሪያው ክትባት በደንብ ለመከላከል 4 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ። በሽታው ውሻው ውስጥ ተደብቆ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ክትባቱ ቀድሞ የገባን በሽታ አያወጣም። ስለዚህ ታሪኩን የማታውቁት ውሻ ላይ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዓይናችሁን ጣሉ። ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ምራቅ ከበዛበት ዝጉበትና ባለሙያ ጥሩ። "አጥንት አንቆት ይሆናል" ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ።

እናንተን ወይም ልጃችሁን ከነከሰ ወይም በጥርሱ ከቧጨረ ወዲያውኑ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት ይዛችሁ፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ የባህል ሐኪም የሚያምን ይመን፤ ግን የጤና ጣቢያው ይቅደም። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ውሻውን አትግደሉት። አስራችሁ ወይም ዘግታችሁ 10 ቀን ጠብቁት። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ክትባቱን ግን 10 ቀን እስኪሞላ ብላችሁ አታዘግዩ። ጀምሩ፤ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ይነግራችኋል።

ወደ ትል እንለፍ። እኛ አካባቢ ይሄ ከሌላው ሁሉ በላይ ይመለከተናል፤ የበግ አገር ነን። በግ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ኳስ የመሰለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ። "ይሄ ለሰው አይሆንም" ይባልና ለውሻ ይጣላል። ውሻው ሆድ ውስጥ ያ ነገር ኮሶ ይሆናል። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በልጅ እጅ ወይም ባልታጠበ ቅጠል አድርጎ ሰው ሆድ ይገባል። ሰው ላይም ያንኑ የውሃ ቋጠሮ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያበቅላል። ቀስ ብሎ ለዓመታት ያድጋል፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽን ነው።

በግ የሚያዞረው አዙሪትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አዙሪት የያዘው በግ ጭንቅላት ለውሻ ይሰጣል፣ ውሻው ኮሶውን ያሳድጋል፣ ዕንቁላሉን ግጦሹ ላይ ይዘራል፣ በጎቹ ይግጡታል። ጭንቅላቱን የጣለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በግ ሲዞርበት "ምቀኛ ነው" ይላል። ምቀኛው ያ ጭንቅላት ነው።

ስለዚህ የታመመ ሆድ ዕቃና ጭንቅላት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ደህናውንም ጥሬውን አትስጡ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፍላ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጨመር አድርጉ። ለኮሶው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። ተራው የትል ኪኒን አይተካውም፤ ለሐኪሙ በስሙ ንገሩት። በየ3 ወሩ መድገም ለበግ አካባቢ ተገቢ ነው።

ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ለበግ የሚረጨውን ዳያዚኖን ውሻ ላይ አታፍሱ። ይልሰዋል፣ ይመረዛል። የከብት አይቨርሜክቲንም በግምት አትውጉ። ከሰው ኪኒንም ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ለውሻ አይሆኑም። የሚያነክስ ውሻ አይቶ "ማስታገሻ ልስጠው" ያለ ሰው ሆዱን አድምቶ ሊገድለው ይችላል።

ደረጃ 6፦ ምግብ፣ ጾምም ሲሆን

የተራበን ውሻ በአንድ ጊዜ ማጥገብ ያማል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በትንሽ በትንሹ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ አብሉት። ያለ ቅቤ የተሠራ የገብስ ቅንጬ ወይም ሩዝ ከጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ጋር ለሆዱ ይስማማል። ወተት ብዙ ያደጉ ውሾችን ያስቀምጣቸዋል፤ ካሰኛችሁ ጥቂት እርጎ ሞክሩ። ከሳምንት በኋላ በቀን 2 ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ።

የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው። ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። አንድ ቀን ቀመሰ ብሎ አይሞትም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሙ እየቀነሰ ይደክማል። እንጀራው ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል፤ አትስጡ። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው።

ጾም ላይ ሰው ሳያስበው ውሻውም አብሮ ይጾማል። አብይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ ከቤት የሚተርፈውም ሽሮ ነው። ውሻ ግን ንስሐ የለበትም። ለእሱ ብቻ ዕንቁላል ቀቅሉለት። ያለ ሽንኩርት በደንብ የበሰለ አተር፣ ምስር ወይም ባቄላ ከቅንጬ ጋር ቀላቅሉለት። ድስቱን ለብቻው ካደረጋችሁ የሚቀየም ሰው የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። የፋሲካ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቅባትና አንጀት ይወረውርለታል። በበዓል ማግስት ተቅማጥ የያዘው ውሻ ብዙ ነው። ያን ቀን በር ዝጉ።

ደረጃ 7፦ በግ

እዚህ አገር ውሻን ከቤት የሚያስወጣው ብርድ ወይም የምግብ ወጪ አይደለም። በግ ነው። መንዝም ሁኑ ባሶና ወራና ወይም አንጎለላ፣ ከአጥራችሁ ውጭ በግ አለ። አንድ በግ የነከሰ ውሻ የእናንተን ገንዘብ፣ የጎረቤትን ፍቅርና የራሱን ነፍስ በአንድ ቀን ያስጨርሳል። ስለዚህ ችላ ሳትሉ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ።

ረጅም ገመድ ያዙ። ኪሳችሁ ውስጥ የተቀቀለ ሳንባ ቆራርጣችሁ ጨምሩ። በጎች ወደሚውሉበት ሂዱ፤ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ትክክለኛው ርቀት ውሻው በጎቹን አይቶም ስሙን ስትጠሩት ዞር የሚልበት ነው። ካልዞረ ቀርባችኋል፤ ወደኋላ ተመለሱ።

አሁን አፉን እዩ። ደህና ሲሆን ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። በጉን ከልቡ ማየት ሲጀምር አፉን ይዘጋል። ጆሮው ወደፊት ይቆማል፣ አንድ የፊት እግሩ ከመሬት ይነሳል፣ ጅራቱ ይደርቃል። ከዚያ እስኪፈነጠር ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። መጥራት ያለባችሁ አፉ በተዘጋባት ቅጽበት ነው። "መቻል!" ብላችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ ሂዱ። ተከትሏችሁ ሲመጣ ሳንባውን ስጡት። ገመዱ ከተወጠረ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም፤ ያኔ የሚሰማ ጆሮ የለውም።

በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። በየቀኑ ግን ውሰዱት። ርቀቱን በሳምንታት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቡ። አትምቱት። በጉን ባየ ቁጥር የተመታ ውሻ "በግ ሲመጣ ሕመም ይመጣል" ብሎ በጉን ይጠላል፤ ወይ እናንተ በሌላችሁበት ይጠብቃል። እረኛ ልጆች ለቀልድ በጎቹን እንዳያስሮጡበት ንገሯቸው። የቆመ በግ ያለፈ ውሻ የሚሮጥ በግ ላያልፍ ይችላል። ሁለት ውሾች አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል።

ይህን ሁሉ አልፎም እኔ ያደገ የጎዳና ውሻ ያለ ገመድ በግ መሃል እንዲለቀቅ አልመክርም። ከ2 ወሩ ጀምሮ ከበግ ጋር ያደገ ቡችላ ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ በግ የገደለ ውሻ ከሆነ ደግሞ ቦታው ከተማ ውስጥ፣ ጥሩ አጥር ያለው ግቢ ነው። ለገጠር ቤተሰብ ደብቃችሁ አትስጡ።

ነገሩ ቢፈጠርስ? ባለበጉ እናንተ ቤት ሳይመጣ እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ። አትካዱ፣ "የሌላ ውሻ ይሆናል" አትበሉ። በጉን በዋጋው ክፈሉ። በዋጋ ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባ። ውሻውን ደግሞ በዚያው ዕለት እሰሩት፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ውሻ ነገም ሲዞር ከታየ የሚቀጥለው ፍርድ መርዝ ነው።

መንዝ ጌራ አካባቢ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ውሻችሁን ይዛችሁ ማኅበረሰቡ ወደሚጠብቀው የጓሳ ደጋ አትውጡ። እዚያ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ያደጉት ከ500 አይበልጡም ይባላል። ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋነኞቹ ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ በሽታ ናቸው። አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው፣ ግጦሹንና ሣሩን በጋራ በሚጠብቁበት ሥርዓት ጓሳውን ለዘመናት ያቆዩት ለእኛ ውሻ መናፈሻ እንዲሆን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ልጆችና እንግዳ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእብድ ውሻ ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሥልጠናው ለውሻው ብቻ አይደለም። ሲበላ አይነካም፣ ተኝቶ አይቀሰቀስም፣ አይታቀፍም፣ ጅራቱ አይጎተትም። ትንሽ ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይተዉ። ልጅ ነክሶኛል ሲል ደግሞ አትቆጡት። "ለምን ነካኸው" ተብሎ የተገረፈ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ የሚገድለው ያ መደበቅ ነው።

የሠርግ ተኩስ፣ የጥምቀት ጭፈራ ሲሆን ማደሪያው ውስጥ ዝጉት። የደነገጠ ውሻ የማይዘለውን አጥር ይዘላል።

ደረጃ 9፦ መውለድ

ሴት ውሻ ከ6 ወሯ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። ብዙ ጊዜ በዓመት ሁለቴ። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። ካላሰባችሁበት የሰፈሩን ጎዳና የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ማምከኛ ኦፕሬሽን የሚሠራ ሐኪም በአካባቢያችሁ ካለ ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ የሚችልም ይውሰድ። የማይቻል ከሆነ ደም ካየችበት ቀን ጀምሮ 3 ሳምንት ግቢ ውስጥ ዝጓት። ለወንዱ የበሬ መኮላሺያ አይሆንም፤ እንዳትሞክሩት።

ደረጃ 10፦ ለሌላ ቤተሰብ ስትሰጡ

ሁሉንም ራሳችሁ ማስቀረት አትችሉም። አንዳንዶቻችሁ እስኪያገግም ብቻ ታቆዩታላችሁ። ያ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ለመጣው ሁሉ አትስጡ።

"ውሻ እወዳለሁ" የሚለው ሰው ብዙ ነው። እናንተ "የት ያድራል? የድሮው ውሻችሁ ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ያሳያል። "ጠፋ"፣ "መኪና ገጨው"፣ "ጅብ በላው" እየተባለ ሦስት ውሻ የተቆጠረበት ቤት አራተኛውም እዚያው ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚታሰር ዘበኛ የሚፈልግ ሰውም አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው አልሰጥም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም፤ ባለቤቱን ራሱን የሚናከስ ይሆናል።

ቤታቸውን ሄዳችሁ እዩ። ውሻውን አንድ ሁለቴ ይጎብኙት። ሲወስዱትም የተኛበትን ጭድ ጥቂት በጆንያ አድርጋችሁ ስጧቸው፤ አዲሱ ማደሪያ የራሱን ሽታ ሲይዝ ቶሎ ይገባበታል። የሚፈራውን፣ የሚወደውን፣ የሚበላበትን ሰዓት በወረቀት ጻፉላቸው። መጥፎውንም አትደብቁ። "ዶሮ ያሳድዳል" ያላችሁት ቤተሰብ ዶሮውን ይዘጋል፤ ያልነገራችሁት ቤተሰብ ውሻውን ያባርራል።

መጨረሻ ላይ አንድ ውል ያዙ፦ ካልሆነላችሁ ለእኔ መልሱት እንጂ ለሌላ አትስጡት፣ አትጣሉት። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በወሩ ደውሉ። ሲመልሱላችሁ አትቆጡ፤ የተቆጣችሁት ሰው ቀጣዩን ውሻ ሳይነግራችሁ ይጥለዋል። የክትባት ካርዱን ከውሻው ጋር ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ካርዱንና ውሻውን ከፊትም ከጎንም በስልክ አንሷቸው፤ ቢጠፋ ለመፈለግም፣ ሰው ቢነክስ ለጤና ጣቢያው ለማሳየትም ያስፈልጋል።